መሠረታዊ የስኩባ ክህሎት ሥልጠናን መምረጥና ማደራጀት፦ ከባሌ ከፍተኛ ቦታዎች አንጻር

መግቢያ

የባሌ ተራሮች ዌብን፣ ወልመልን፣ ዱማልን፣ ገናሌንና ዋቢ ሸበሌን የሚመግቡ የውኃ መነሻዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በሰንሰለቱ ላይ በርካታ ትናንሽ ሐይቆችን የያዘ ሲሆን፣ ከእነዚህ አንዱ የሆነው ጋርባ ጉራቻ በ3,950 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። ከሐይቁ የተወሰደው የደለል ናሙና ወደ 16,700 ዓመት ወደ ኋላ የሚዘልቅ የዕፅዋትና የአየር ንብረት ታሪክ እንደያዘ ፕሮፌሰር መሐመድ ዑመርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት አሳይተዋል። ዝቅ ብሎ ደግሞ በሐረና ደን ውስጥና ከደኑ በታች፣ በአንገቱና በዶሎ መና አካባቢ፣ ወንዞቹ ፏፏቴና ጥልቅ ኩሬ እየሠሩ ይወርዳሉ። ከሮቤ በስተምሥራቅ የዌብ ወንዝ የሶፍ ዑመርን ዋሻ ሰንጥቆ ያልፋል።

በእነዚህ ውኃዎች ላይ የሚደረግ ጥናት አብዛኛው ከውኃው ገጽ ላይ ሆኖ ሊከናወን ይችላል። የደለል ናሙና ብዙውን ጊዜ በመድረክ ላይ ሆኖ በቱቦ ይወሰዳል፤ የውኃ ናሙናም በገመድ በሚወርድ ዕቃ ይቀዳል። ነገር ግን መለኪያ መሣሪያን በወለሉ ላይ መትከል፣ ምንጭ ከአለት የሚወጣበትን ስፍራ መመልከት፣ የውኃ ውስጥ ሕይወትን በቦታው ፎቶግራፍ ማንሳት ወይም የጠፋ መሣሪያን ፈልጎ ማውጣት ሰው እንዲጠልቅ የሚያስገድድበት ጊዜ አለ። እዚህ ላይ ተመራማሪው የሚገጥመው የመጀመሪያ ጥያቄ «በምን ልጥለቅ?» ሳይሆን «ማን ያሠልጥነኝ? የት? በምንስ ቅደም ተከተል?» የሚለው ነው።

በኢትዮጵያ «ጠላቂ ዋናተኛ» የሚለው ስም በብዛት የሚሰማው በዜና ነው። የአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ሥራ አመራር ኮሚሽን ጠላቂዎች በወንዝ ወይም በኩሬ ውኃ የወሰደውን ሰው አስከሬን ሲያወጡ ስማቸው ይነሳል። ከዚህ የተነሳ ሙያው በሕዝብ ዘንድ ከድፍረት ጋር ተያይዞ ይታሰባል። ይሁን እንጂ መጥለቅ በቅድሚያ የሚጠይቀው ድፍረትን ሳይሆን ደረጃ በደረጃ የሚገነባ ክህሎትን ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መሠረታዊ የክህሎት ሥልጠና ምን እንደሆነ ማብራራት፣ አሠልጣኝ የሚመረጥበትን መመዘኛ ማመልከት፣ ሥልጠናውም በኢትዮጵያ ሁኔታ እንዴት ሊደራጅ እንደሚችል ማሳየት ነው። ዋናው ነጥብ የሚከተለው ነው፦ አገሪቱ ከፍተኛ ስለሆነች፣ ሥልጠናው የሚሰጥበት ቦታና ከሥልጠናው በኋላ ያለው ጉዞ ከአሠልጣኙ ብቃት ባልተናነሰ የጠላቂውን ደኅንነት ይወስናሉ።

የመሠረታዊ ክህሎት ምንነት

ዣክ ኢቭ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን እ.ኤ.አ. በ1943 በፍላጎት አየር የሚሰጠውን ሬጉሌተር ከሠሩ በኋላ መጥለቅ ከወታደሮችና ከወደብ ሠራተኞች ወጥቶ ለብዙኃን ተዳረሰ። እ.ኤ.አ. በ1959 የዓለም የውኃ ውስጥ እንቅስቃሴዎች ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት ኩስቶ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመው ፓዲ ደግሞ አጫጭር ኮርሶችን በዓለም ዙሪያ አስፋፋ። ዛሬ የመግቢያ ደረጃ ሥልጠና ይዘት በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ቁጥር 24801 ተደንግጓል፤ የዚሁ ደረጃ ሁለተኛ ክፍል ያለ አሠልጣኝ ከጓድ ጋር መጥለቅ የሚችለውን ሰው ይመለከታል።

የመግቢያ ደረጃ ምስክር ወረቀት ግን ከመሠረታዊ ክህሎት ጋር አንድ አይደለም። ምስክር ወረቀቱ ሰልጣኙ እያንዳንዱን ልምምድ በአሠልጣኝ ፊት መፈጸሙን ያመለክታል። ክህሎት የሚባለው ግን ያንኑ ተግባር አእምሮ በሌላ ሥራ ተይዞ ሳለ ሳይዛነፉ መፈጸም ነው። ማስኩን ጉልበቱን መሬት አስነክቶ የሚያጸዳ ሰልጣኝና በውኃው መካከል ቆሞ፣ ጥልቀቱን ሳይቀይር፣ ጓዱን እያየ የሚያጸዳ ሰልጣኝ በወረቀት ላይ እኩል ናቸው፤ በሥራ ላይ ግን አይገናኙም። ይህን ክፍተት ለመሙላት ብዙ ድርጅቶች የመሠረታዊ ክህሎት ኮርስ ያዘጋጃሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1998 የተመሠረተው ግሎባል አንደርዋተር ኤክስፕሎረርስ የሚሰጠው ኮርስ ከእነዚህ መካከል በስፋት ይታወቃል።

የእነዚህ ኮርሶች ይዘት በስድስት ነጥቦች ሊጠቃለል ይችላል። አንደኛው የተንሳፋፊነት ቁጥጥር ሲሆን፣ ጠላቂው ሳይወጣና ሳይሰምጥ በአንድ ጥልቀት መቆየቱን ይመለከታል። ሁለተኛው የሰውነት አቋም ነው፤ ሰውነት አግድም ሲሆን የክንፉ ምት ደለሉን አይቀሰቅስም። ሦስተኛው የክንፍ አመታት ነው፤ ወደ ፊት መሄድ፣ በቦታ መዞርና ወደ ኋላ መመለስ በዚህ ሥር ይጠቃለላሉ። አራተኛው አየር ላለቀበት ጓድ አየር አካፍሎ አብሮ መውጣት፣ አምስተኛው በተመጠነ ፍጥነት መውጣትና በመንገድ ላይ ቆሞ መጠበቅ፣ ስድስተኛው ደግሞ የቡድን ግንኙነትና የአካባቢ ንቃት ናቸው።

እነዚህ ነጥቦች ለሳይንሳዊ ሥራ ያላቸው ትርጉም ከደኅንነት ባሻገር ነው። በሐይቅ ወለል ላይ የተነጠፈው የላይኛው ደለል የቅርብ ዘመናት መዝገብ ነው። ተንሳፋፊነቱን የማይቆጣጠር ጠላቂ ሊያጠናው የመጣውን መዝገብ በክንፉ ይቀላቅለዋል፤ በደቂቃዎችም ውስጥ የራሱን ዕይታ ይጋርዳል። ስለዚህ ደካማ ክህሎት ያለው ተመራማሪ አደጋ ባይደርስበት እንኳ ያበላሸው መረጃ ተመልሶ አይገኝም።

ከፍታ ምን ይለውጣል?

አብዛኛው የመጥለቅ ትምህርት የተዘጋጀው ለባሕር ጠለል ነው። በባሕር ጠለል የአየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው። ይህ ግፊት በአዲስ አበባ ወደ 76፣ በ2,490 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው ሮቤ ወደ 75፣ በጋርባ ጉራቻ ገጽ ላይ ደግሞ ወደ 62 ዝቅ ይላል። የመጥለቅ መመሪያዎች ከ300 ሜትር በላይ የሚደረግን ጥልቀት «የከፍታ ጥልቀት» ብለው ለይተው ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቁለታል። በዚህ መመዘኛ በኢትዮጵያ የታወቁት ሐይቆች በሙሉ ማለት ይቻላል የከፍታ ውኃዎች ናቸው። በደናክል ከባሕር ጠለል በታች የሚገኘው የአፍዴራ ሐይቅ ብርቅ ልዩነት ነው።

የግፊቱ መቀነስ አራት ዋና ዋና ውጤቶች አሉት። የመጀመሪያው ከናይትሮጅን ጋር ይያያዛል። በደም ውስጥ የሟሟው ናይትሮጅን ሲወጣ አረፋ መፍጠሩ የሚወሰነው በታች ባለው ግፊትና በገጹ ላይ ባለው ግፊት መካከል ባለው ንጽጽር ነው። ስለዚህ በከፍታ ላይ ያለ ጥልቀት በባሕር ሠንጠረዥ ሲነበብ በግፊቶቹ ንጽጽር መባዛት አለበት። በሮቤ ከፍታ ማባዣው 1.36 ገደማ በመሆኑ የ18 ሜትር ጥልቀት እንደ 24 ሜትር ተኩል ይቆጠራል። በጋርባ ጉራቻ ከፍታ ማባዣው 1.63 ሲሆን 10 ሜትር እንደ 16 ሜትር ይሆናል። የመግቢያ ደረጃ ምስክር ወረቀት የሚፈቅደው ጥልቀት 18 ሜትር እንደሆነ ሲታሰብ፣ ከባሕር የመጣ ሰልጣኝ በከፍታ ላይ ሳያውቀው ወሰኑን ሊያልፍ ይችላል።

ሁለተኛው ውጤት በተንሳፋፊነት ላይ ይታያል። በባሕር ላይ ግፊቱ እጥፍ የሚሆነው በ10 ሜትር ጥልቀት ነው፤ በጋርባ ጉራቻ ግን ከ6 ሜትር ብዙም ሳይርቅ እጥፍ ይሆናል። ይህም ማለት በጃኬት ውስጥ ያለው አየር ከ6 ሜትር ገደማ ወደ ገጽ ሲወጣ መጠኑ በእጥፍ ይጨምራል። በባሕር ላይ ለዚህ ለውጥ 10 ሜትር መውጣት ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ ለከፍታ የሚዘጋጅ ጠላቂ በጥልቅ ውኃ ከመለማመድ ይልቅ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ተረጋግቶ መቆየትን መቻል ይኖርበታል። ትንፋሽን ይዞ መውጣት በባሕር ላይም ቢሆን ከ1 እስከ 2 ሜትር ባለ ጥልቀት ሳንባን ሊቀድድ ስለሚችል «ውኃው ጥልቅ አይደለም» የሚለው ማጽናኛ መሠረት የለውም።

ሦስተኛው ኦክስጅንን ይመለከታል። በተለምዶ ጠላቂው የሚሸከመው ሲሊንደር «ኦክስጅን» ይባላል፤ በውስጡ ያለው ግን አብዛኛውን ጊዜ የተጣራና የታመቀ ተራ አየር ነው። በጋርባ ጉራቻ ከፍታ በ6 ሜትር ጥልቀት የሚተነፈሰው አየር የኦክስጅን ግፊት 25 ኪሎ ፓስካል ገደማ ሲሆን፣ ጠላቂው ገጹ ላይ ደርሶ ሬጉሌተሩን ሲያወልቅ በቅጽበት ወደ 13 ይወርዳል። ድካምና የማሰብ መዛባት ሊከተል ይችላል። በመሆኑም ጠላቂው ወደ ዳር ወይም ወደ ጀልባ እስኪደርስ ከሲሊንደሩ መተንፈሱን መቀጠል ይኖርበታል።

አራተኛው ከመሣሪያ ጋር የተያያዘ ነው። ለባሕር ጠለል የተሠሩ አንዳንድ የጥልቀት መለኪያዎች በከፍታ ላይ ከእውነተኛው ያነሰ ጥልቀት ያሳያሉ። የጎማ ልብሱ በቀነሰው ግፊት ተነፍቶ ወደ ላይ ይስባል። በአንጻሩ ጨው አልባ ውኃ ከባሕር ውኃ ያነሰ ስለሚያነሳ፣ ከነመሣሪያው 100 ኪሎ ግራም የሚመዝን ጠላቂ በባሕር ከተጠቀመበት እርሳስ 2 ኪሎ ተኩል ገደማ መቀነስ ያስፈልገዋል። ስለዚህ የክብደት ልኬት በደረሱበት ውኃ ሁሉ እንደገና መሠራት አለበት።

አሠልጣኝን የመምረጥ መመዘኛ

አሠልጣኝ ሲመረጥ በቅድሚያ የሚጣራው ፈቃዱ ነው። ታዋቂ የሥልጠና ድርጅቶች የአሠልጣኞቻቸውን ወቅታዊ ሁኔታ በመለያ ቁጥር ማረጋገጥ የሚቻልበት አሠራር አላቸው፤ ጊዜው ያለፈበት ፈቃድ እንዳልተሰጠ ይቆጠራል። ቀጥሎ የሚጠየቀው ግን ከወረቀቱ ይልቅ ልምዱ ነው። በባሕር ብቻ ያስተማረ አሠልጣኝ ጎበዝ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም በከፍታ፣ በቀዝቃዛና በደፈረሰ ውኃ ላይ ያለው ልምድ ምን ያህል እንደሆነ በግልጽ መጠየቅ አለበት።

ሦስተኛው መመዘኛ የሰልጣኝ ቁጥር ነው። በመግቢያ ደረጃ በክፍት ውኃ ለአንድ አሠልጣኝ እስከ 8 ሰልጣኝ የሚፈቅዱ ደንቦች አሉ፤ ይህ ግን ለመልካም ሁኔታ የተቀመጠ ጣሪያ ነው። እጅን ዘርግቶ ጣትን ማየት በማይቻልበት ሐይቅ አንድ አሠልጣኝ ሁለት ሰው እንኳ በቅጡ መከታተል ሊሳነው ይችላል። አራተኛው መመዘኛ ሰልጣኝን የመጣል ነጻነት ነው። የተከፈለበት ኮርስ ሁሉ በምስክር ወረቀት የሚያልቅ ከሆነ ወረቀቱ ስለ ክህሎት የሚናገረው ነገር የለም። ስለዚህ አሠልጣኙ ያልበቃን ሰው መልሶ እንደሚያሠለጥን ከመጀመሪያው በውል መታወቅ አለበት። በመጨረሻም ጤና አለ። የሕክምና መጠይቁ በአግባቡ ሊሞላ፣ አስፈላጊ ሲሆንም በሐኪም ሊረጋገጥ ይገባል። በተለይ የሚጥል በሽታ፣ የሳንባ መቀደድ ታሪክ፣ ጠባሳ የተወ የሳንባ ነቀርሳና የጆሮ ሕመም ከሐኪም ሳይማከሩ ሊታለፉ አይገባም።

ሥልጠናውን በቅደም ተከተል ማደራጀት

በሮቤ ወይም በጎባ የሚኖር ተመራማሪ ሙሉውን ሥልጠና በአንድ ቦታ ማግኘት አይችልም። ስለዚህ ሥልጠናውን በአራት ምዕራፍ መክፈል ይመረጣል።

የመጀመሪያው ምዕራፍ ንድፈ ሐሳብና ዋና ነው። የግፊት ሕግ፣ የጋዝ ስሌትና የከፍታ ማስተካከያ በመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ የመማሪያ ክፍል ውስጥም ሊጠኑ ይችላሉ። ዋናን በተመለከተ የፓዲ የመግቢያ ኮርስ ያለ መሣሪያ 200 ሜትር መዋኘትንና 10 ደቂቃ መንሳፈፍን ይጠይቃል። ከውኃ ርቆ ያደገ ሰልጣኝ ይህን በሳምንት ውስጥ ሊያሟላ ስለማይችል ወራት አስቀድሞ መጀመር አለበት።

ሁለተኛው ምዕራፍ በአዲስ አበባ ባለ መዋኛ ገንዳ የሚደረግ ልምምድ ነው። ገንዳው ራሱ የከፍታ ትምህርት ይሰጣል፤ በባሕር ጠለል ባለ ገንዳ ከ3 ሜትር ወደ ገጽ የሚወጣ አየር መጠኑ በ29 በመቶ ሲጨምር፣ በአዲስ አበባ ግን ወደ 39 በመቶ ይጨምራል። በዚህ ገንዳ ለአንድ ደቂቃ ከቦታው ሳይነቃነቅ መቆየት የቻለ ሰው በባሕር ላይ አይቸገርም። በዚህ ምዕራፍ ሲሊንደር የሚሞላበት መጭመቂያ የሚሰጠው አየር ንጽህና መረጋገጥ አለበት። ከሞተር ጭስ የሚገባ ካርቦን ሞኖክሳይድ ከታች በግፊት ሲተነፈስ ጉዳቱ ይበረታልና።

ሦስተኛው ምዕራፍ ክፍት ውኃ ነው። በቅርብ የሚገኘው ጥርት ያለ ባሕር በጅቡቲ የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ነው፤ የዕይታው ጥራት ለመጀመሪያ ልምምድ ይመቻል። አራተኛው ምዕራፍ ወደ ከፍታ መመለስ ሲሆን፣ እንደ ቢሾፍቱ የእሳተ ገሞራ ሐይቆች ባሉ ውኃዎች ከዳር ሳይርቁ ጥልቀቱን ገድቦ መለማመድን ያካትታል። እነዚህ ሐይቆች በአፋፋቸው ቶሎ ስለሚጠልቁ፣ ከወለሉ ይልቅ መለኪያውን አምኖ መቆም ግዴታ ነው። ለጥናት የታሰበው የባሌ ውኃ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ብቻ ነው።

በምዕራፎቹ መካከል ያለው ጉዞ የሥልጠናው አካል ሆኖ መታቀድ አለበት። ዳይቨርስ አለርት ኔትወርክ ካንድ ተራ ጥልቀት በኋላ ቢያንስ 12፣ ከተደጋገመ ወይም ለቀናት ከቆየ ጥልቀት በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይበሩ መቆየትን ይመክራል። ይህ ምክር የተዘጋጀው እስከ 2,400 ሜትር ለሚደርስ የአውሮፕላን ካቢን ከፍታ ነው። ሮቤ ራሷ ከዚህ ወሰን በላይ ስለሆነች፣ ከጅቡቲ የሚመለስ ሰልጣኝ በመኪና ወይም በባቡር ቢጓዝ እንኳ እንደሚበር ሰው መቆጠርና ከ18 ሰዓት በላይ መቆየት ይኖርበታል። በተቃራኒው ከዝቅተኛ ቦታ ወደ ከፍታ ወጥቶ ለመጥለቅ ያሰበ ሰው አካሉ ከአዲሱ ግፊት ጋር እስኪስተካከል መጠበቅ አለበት፤ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መመሪያ ለዚህ 12 ሰዓት ይመድባል።

የአንገቱ መንገድ የዚህን ክብደት በግልጽ ያሳያል። በወልመል ተፋሰስ ዝቅተኛ ኩሬ ውስጥ የጠለቀ ቡድን በዶሎ መናና በሪራ በኩል ወደ ጎባ ሲመለስ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነውን የሳነቴ አምባ ያቋርጣል። የበረራ ምክሮች ይህን ከፍታ አይሸፍኑም። ጠላቂው በታች ሳለ ምንም ያልተሰማው ሕመም በሳነቴ ላይ ሊጀምር ይችላል። ከዚህም የከፋው አስቀድሞ የታመመን ሰው ማጓጓዝ ነው፤ ወደ ጎባ ሪፈራል ሆስፒታል ለመድረስ በሚያስቸኩል ሰዓት የተመረጠው መንገድ አረፋውን የሚያሳድግ መንገድ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ በዚያ አካባቢ የሚሠራ ቡድን ቢያንስ ሙሉ ቀን ሳያልፍ ሳነቴን እንዳይሻገር በጽሑፍ መወሰን፣ ንጹሕ ኦክስጅን በቦታው ማዘጋጀት፣ በዝቅተኛው በኩል ያለውን የሕክምና ተቋም አስቀድሞ ማነጋገርና የግፊት ሕክምና ክፍል የሚገኝበትን ቅርብ ስፍራ ለይቶ ማወቅ ይጠበቅበታል። እነዚህ ካልተሟሉ ውሳኔው አለመጥለቅ ነው።

ሥልጠናው የማይፈቅደው

መሠረታዊ ክህሎት የበር ቁልፍ ቢሆንም ሁሉንም በር አይከፍትም። የሶፍ ዑመር ዋሻ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ያለው ሲሆን፣ በጣሪያ ሥር መጥለቅ ራሱን የቻለ ሌላ ሥልጠና ይጠይቃል። አሜሪካዊው የዋሻ ጠላቂ ሼክ ኤክስሊ እ.ኤ.አ. በ1979 የዋሻ አደጋዎችን መርምሮ ባሳተመው መጽሐፍ እስከ መውጫ የሚዘልቅ ያልተቋረጠ መምሪያ ገመድን መዘርጋትና ከአየሩ ሁለት ሦስተኛውን ለመመለሻ ማስቀረት ከዋና ዋናዎቹ ደንቦች መካከል መሆናቸውን አመልክቷል። በክፍት ውኃ ችግር የገጠመው ሰው ወደ ላይ መውጣት ይችላል፤ በዋሻ ውስጥ ግን ላይ ያለው አለት ነው። በተጨማሪም ሶፍ ዑመር በእምነት የተከበረ ስፍራ በመሆኑ፣ የመንግሥት ፈቃድ ብቻ ሳይሆን የአካባቢው አባቶች ይሁንታ አስቀድሞ መገኘት አለበት።

ለምርምር መጥለቅም እንደዚሁ ተጨማሪ ዝግጅት ይፈልጋል። የአሜሪካ የውኃ ውስጥ ሳይንሶች አካዳሚ ለሳይንሳዊ ጠላቂ ቢያንስ የ100 ሰዓት ሥልጠናና 12 የክፍት ውኃ ጥልቀቶችን ይጠይቃል። በጥቂት ቀናት ኮርስና በ100 ሰዓት መካከል ያለው ርቀት የመሠረታዊ ክህሎት ኮርስ የት ላይ እንደሚቀመጥ ያመለክታል፤ ከመግቢያው በኋላ፣ ከሥራው በፊት።

ማጠቃለያ

መሠረታዊ የስኩባ ክህሎት ሥልጠናን መፈለግ ኮርስ የሚሰጥ ሰው ከማግኘት ይሰፋል። ተመራማሪው የአሠልጣኙን ፈቃድና የከፍታ ልምድ ያጣራል፤ ሥልጠናውን ከገንዳ ወደ ባሕር፣ ከባሕር ወደ መካከለኛ ከፍታ ሐይቅ በደረጃ ያሸጋግራል፤ በየምዕራፉ መካከል ያለውን ጉዞ በሰዓት ይለካል። በባሌ ከፍተኛ ቦታዎች የስሌቱ ስህተት የሚገለጠው በውኃ ውስጥ ብቻ ሳይሆን ከውኃ ከወጡ በኋላ በተራራው መንገድ ላይም ነው። በመሆኑም የውኃ ጥናት የሚያካሂዱ የትምህርት ክፍሎች ተማሪን ወደ ውኃ ከመላካቸው በፊት የሥልጠና መስፈርት፣ የከፍታ ማስተካከያ ሠንጠረዥና የአደጋ ጊዜ የጉዞ ዕቅድን ያካተተ አጭር የውስጥ መመሪያ ቢያዘጋጁ፣ በአንድ ሰው ጥንቃቄ ላይ ብቻ የተንጠለጠለውን ደኅንነት ወደ ተቋማዊ አሠራር ሊያሸጋግሩት ይችላሉ።